ባለጠጋ ለማን ይሰጣል?

ስለ ምጽዋትና ስለ ዝምድና ለክርስቲያኖች የተጻፈ ምክር

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ ምጽዋት መልካም ሥራ መሆኑን በአገራችን የማያውቅ ሰው የለም። ሕፃን ገና በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሳለ በደጅ ለቆመው ድኻ ቍራሽ እንጀራ ሲሰጥ ያያል፤ ካደገም በኋላ ማንም ሳያስተምረው እርሱ ራሱ እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ በዚህች ትንሽ ጽሑፍ መስጠት ይገባልን? ብለን አንጠይቅም። የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም፥ ሀብት ያለው ሰው ሲሰጥ ስለ ምን ይሰጣል? ደግሞስ ብዙ ድኾች ሳሉ ያንን ትቶ ይህን የሚመርጠው በምን ምክንያት ነው? ነገሩን በማስተዋል የመረመረ ሰው አንድ እውነት ያገኛል። ስጦታ እንደ ውኃ ነው፤ አስቀድሞ በተቈፈረለት ቦይ ይሄዳል። ቦዩም ዝምድና ነው፥ ወዳጅነት ነው፥ ጉርብትና ነው፥ ውለታም ነው። ቦይ ያልተቈፈረለት እርሻ ግን ወንዙ በአጠገቡ እያለፈ ይደርቃል።

1ኛ፤ ባለጠጋ ስለ ምን ይሰጣል?

ባለጠጋን ወደ መስጠት የሚያነሣሣው ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ ክብርን ፈልጎ ይሰጣል፤ ሰው እንዲያየው፥ በአደባባይም ስሙ እንዲነሣ ይወዳልና። ሁለተኛው ውለታ ለመመለስ ይሰጣል፤ በድኽነቱ ዘመን ያጐረሰውን እጅ አልረሳምና። ሦስተኛው እምቢ ሊለው የማይችለው ሰው፥ ወዳጁ ወይም አማቹ ወይም አለቃው ስለ ለመነው ይሰጣል። አራተኛው ሞትን አስቦ ይሰጣል፤ ስለ ሞቱት ዘመዶቹ ወይም ስለ ራሱ ነፍስ ይጨነቃልና። አምስተኛው የወንድሙን መከራ በዓይኑ አይቶ ልቡ ስለ ተነካ ይሰጣል። እነዚህም አምስቱ በአንድ እርሻ እንደ በቀሉ ስንዴና እንክርዳድ በአንድ ሰው ልብ ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ ሰጪው ራሱ ስንኳ ብዙ ጊዜ ሊለያቸው አይችልም።

ነገር ግን አስተውል። በአምስቱም ውስጥ የሰው ፊት አለ። ክብርን የሚፈልግ የተመልካቹን ፊት ያያል፤ ውለታ የሚመልስ የጥንት ረዳቱን ፊት ያስባል፤ የተለመነ የለማኙን ፊት ያፍራል፤ ሞትን የሚያስብ የሄዱትን ወገኖቹን ፊት ይናፍቃል፤ የሚራራም የተቸገረውን ፊት አይቶ ይራራል። እንግዲህ ባለጠጋው ለማን እንደሚሰጥ ለማወቅ ብትወድ፥ የሀብቱን ልክ ከመቍጠር ይልቅ በልቡ የማን ፊት እንዳለ ጠይቅ።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን አንድ የታወቀ ሰው እንጥራ። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። አንድሩ ካርኔጊ በ1835 በስኮትላንድ አገር በዳንፈርምሊን ከተማ ከሸማኔ ቤት ተወለደ። በ1848 ከወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በልጅነቱም በጉልበቱ እየሠራ ያድር ነበር፥ መጽሐፍ የሚገዛበት ገንዘብም አልነበረውም። በዚያም ስፍራ ኮሎኔል ጄምስ አንደርሰን የሚባል ሰው ወደ 400 የሚሆኑ መጻሕፍት ነበሩት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱን ከፍቶ ለሠራተኛ ልጆች ያውስ ነበር። ካርኔጊም ከተዋሱት ልጆች አንዱ ነበረ። ኋላም ከብረት ሥራ እጅግ ታላቅ ሀብት ባገኘ ጊዜ በብዙ አገሮች ከ2,500 የሚበልጡ ቤተ መጻሕፍት አሠራ፤ ለአንደርሰንም መታሰቢያ ሐውልት አቆመለት። በዓለም ላይ ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ መጻሕፍትን አብልጦ ስለ ምን መረጠ? አንድ ሰው በልጅነቱ በሩን ከፍቶለት ነበርና ነው። የአንድ ሰው ቸርነት ከሞቱም በኋላ በሌላ ሰው እጅ ሺህ ጊዜ ተደገመ። ይህ ያማረ ነገር ነው።

ነገር ግን የዚያው ሰው ታሪክ ሌላ ገጽ አለው። በ1892 ሆምስቴድ በምትባል ስፍራ በነበረው የብረት ፋብሪካው ስለ ደመወዝና ስለ ሠራተኞች ማኅበር ክርክር ተነሣ። እርሱ በዚያን ጊዜ በስኮትላንድ ነበረ፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ሠራተኞቹን ከፋብሪካው አስወጥቶ የታጠቁ ዘበኞች አስመጣ። በሐምሌ ወር ውጊያ ሆነ፥ ከሁለቱም ወገን ሰዎች ሞቱ። ከዚያም በኋላ ብዙዎቹ ሠራተኞች በቀን 12 ሰዓት በእቶኑ ፊት ይቆሙ ነበር። እንዲህ የሚደክም ሰው በተሠራለት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የሚያነብበት ሰዓት ከወዴት ያገኛል? እኛ በሰው ልብ ላይ ፈራጆች አይደለንም። ነገር ግን መጽሐፍ የሚናፍቀው ልጅ በባለጠጋው ልብ ፊት እንደ ነበረው፥ እቶን የሚያነድደው ሰው ግን በደመወዝ መዝገብ ላይ ያለ ቍጥር ሆኖ እንደ ቀረ ይመስላል። በሩቅ ላለው ቸር የሆነ ሰው እንጀራውን ለሚጋግርለት ጨካኝ ሊሆን ይችላል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በ5ኛው ምዕራፍ የአጫጆች ደመወዝ የተቀነሰባቸውን ባለጠጎች አጥብቆ የገሠጻቸው ስለዚህ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ በእጁ ሳለ ምጽዋት የሚሰጥ ሰው ከድኻው ገንዘብ ለድኻው ይመጸውታል።

2ኛ፤ ዝምድና በራሱ ኃጢአት አይደለም

ይህን የሰማ ሰው፥ እንግዲህ ለዘመድና ለወዳጅ መስጠት ክፉ ነውን? ይል ይሆናል። አይደለም። አባቶቻችን ዘመድ ከዘመዱ፥ አህያ ከአመዱ ብለዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ለቤተ ሰቡ የማያስብን ሰው ካላመነ ሰው የባሰ አድርጎ ይቈጥረዋል። እናቱ ተርባ ሳለች በአደባባይ የሚመጸውት ሰው ግብዝ ነው። ዕድራችንና ዕቁባችን፥ በኀዘንና በሠርግ ጊዜ መረዳዳታችን፥ የእግዚአብሔር በረከቶች ናቸው፤ ብዙ ቤትንም ከመፍረስ አድነዋል።

ከዚህም ይልቅ የሚበልጥ ምክንያት አለን። እግዚአብሔር ራሱ በሰማይ ተቀምጦ ስጦታውን ከሩቅ አልወረወረልንም። ሥጋችንን ለብሶ ዘመዳችን ሆነ፥ በማዕዳችን ተቀመጠ፥ በስማችንም ጠራን። የማያውቀውን የሚረዳ ሰው ብዙ ጊዜ የማያስፈልገውን ይሰጣል፤ ለተራበው ልብስ፥ ለታረዘው ምክር ያመጣል። መተዋወቅ የምጽዋት ዓይን ነው።

በእንግሊዝ አገር ጆን ኒውተን የሚባል ሰው ነበረ። በወጣትነቱ በባሪያ ንግድ መርከብ ላይ አለቃ ሆኖ ሠርቶ ነበር፤ ኋላ ግን ንስሓ ገባ፥ በ1764ም ኦልኒ በምትባል ድኻ ከተማ ካህን ሆነ። በዚያችም ከተማ ብዙዎች ዳንቴል እየሠሩ በጭንቅ የሚኖሩ ነበሩ። በለንደን የሚኖር ጆን ቶርንተን የሚባል ባለጠጋ ነጋዴ ኒውተንን ወዳጅ አደረገው፤ እንግዶችን እንዲቀበልበት፥ ድኾችንም እንዲረዳበት በየዓመቱ 200 ፓውንድ ሰጠው። ነጋዴው የኦልኒን ድኾች በቤታቸው አያውቃቸውም፤ ካህኑ ግን የታመመችውን ባልቴት፥ ሥራ ያጣውን አባት ያውቃል። እንግዲህ በሁለት ሰዎች ወዳጅነት የአንዲት ከተማ ድኾች ጠገቡ። በባለጠጋና በድኻ መካከል የቆመ እውነተኛ ሰው ድልድይ ነው፤ በዚያ ላይ ብዙዎች ይሻገራሉ።

3ኛ፤ የዝምድና ስጦታ ሦስት አደጋዎች አሉት

የመጀመሪያው አደጋ ስጦታው ብድር መሆኑ ነው። ብድር በምድር የሚለው ተረት በአገራችን የታወቀ ነው። ጌታችን በአንድ ፈሪሳዊ ቤት ለማዕድ ተቀምጦ ሳለ ጋባዡን መከረው፤ መልሰው ሊጋብዙት የሚችሉትን ወዳጆቹንና ባለጠጎች ጎረቤቶቹን ሳይሆን ብድራት መክፈል የማይችሉትን ድኾችና አካለ ጐደሎዎች እንዲጠራ ነገረው (ሉቃ. 14)። ይህን ሲል ወዳጅን መጋበዝ ኃጢአት ነው ማለቱ አይደለም፤ እርሱም በወዳጆቹ በማርታና በማርያም ቤት ይበላ ነበርና። ነገር ግን የሚመለስ ነገር ሁሉ ስጦታ ተብሎ እንዳይጠራ ከለከለ። በሠርጉ ቀን ለባለጠጋ ወዳጅህ ያረድኸው ሰንጋ ነገ በእርሱ ሠርግ ይመለስልሃል፤ ይህ ንግድ ነው፥ ንግድም በጎ ሊሆን ይችላል። በሰማይ መዝገብ ግን ምጽዋት ተብሎ አይጻፍልህም።

ሁለተኛው አደጋ ስጦታው ገመድ መሆኑ ነው። አንዳንድ ሰው የሰጠውን ሰው በስጦታው ያስረዋል። ያበላሁት ነው፥ ያለበስሁት ነው፥ ከቃሌ አይወጣም ይላል። ተቀባዩም ፊቱን እያየ ይስቃል፥ በልቡ ግን ያዝናል። እንዲህ ያለው ሰጪ እንጀራ ሰጥቶ ክብርን ይወስዳል፤ የወሰደውም ከሰጠው ይበልጣል። ይህ አደጋ በቤተ ክርስቲያንም አለ። ሐዋርያው ያዕቆብ የወርቅ ቀለበት ያደረገው ሰው በፊተኛው ወንበር ሲቀመጥ፥ ድኻው በእግር አጠገብ ሲጣል አይቶ ወቅሶአል። ወንጌላዊ ሆነን የምናገለግል እኛም እንጠንቀቅ። ባለጠጋው ጣራውን ስለ ከደነልን ኃጢአቱን የምንከድንለት ከሆንን፥ ጣራው በላያችን ቢቆምም ቤቱ ፈርሷል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው አደጋ መንገድ የሌለውን ሰው መርሳት ነው። ዕድር ለአባሎቹ ይደርሳል፤ ወርኃዊውን መክፈል አቅቶት ስሙ ከመዝገብ የተፋቀውን ግን ማን ይደርስለታል? የዘመድ ስጦታ ለዘመድ ይደርሳል፤ ከሩቅ አገር መጥቶ በኪራይ ጎጆ የሚሞተውን የቀን ሠራተኛስ ማን ይቀብረዋል? እንዲህ ያለ ሰው የሚራበው ሰዎች ክፉዎች ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም። ሁሉ ለወገኑ ቸር ሆኖ ሳለ እርሱ የማንም ወገን ስላልሆነ ይራባል። ቸርነት በሞላበት ከተማ መካከል በረሃብ መሞት ይቻላል።

የአልዓዛርንም ነገር አስብ (ሉቃ. 16)። ባለጠጋው ካንቀላፋ በኋላ በሥቃይ ሆኖ አብርሃምን ሲለምን አልዓዛርን በስሙ ጠርቶ እንዲልክለት ይጠይቃል። እንግዲህ በምድር ሳለ ስሙን ያውቅ ነበር። በየቀኑ በደጁ ሲያልፍ አይቶታል። ነገር ግን እንደ ደጁ ድንጋይ አድርጎ አየው እንጂ እንደ ሰው አላየውም፤ በሥቃይም ሆኖ ስንኳ እንደ ተላላኪ አሰበው። ስለዚህ ስም ማወቅ ብቻ አይበቃም። የሚያስፈልገው በማዕድ መቀመጥ ነው።

4ኛ፤ ባልንጀራ ማን ነው?

በቋንቋችን ባልንጀራ የሚለው ቃል የተወለደው ከእንጀራ ነው። ባለ እንጀራ፥ ማለት እንጀራን አብሮ የሚበላ ማለት ነው። እነሆ፥ አባቶቻችን አንድ ታላቅ ትምህርት በአንድ ቃል ውስጥ ሰውረውልናል። በደም ዘመድ የሚሆን ሰው ተወልዶ ነው፤ ባልንጀራ የሚሆን ግን በልቶ ነው። ስለዚህ ዘመድ የሌለው ሰው ባልንጀራ ሊኖረው ይችላል፤ የሚያስፈልገው ማዕዱን የሚከፍትለት ሰው ብቻ ነው። ሕግ ዐዋቂው ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ጌታን በጠየቀው ጊዜ፥ ጌታ የወገን ዝርዝር አልሰጠውም። በመንገድ ስለ ወደቀው ሰውና ስለ ሳምራዊው ነገረው፤ የመጨረሻውም ጥያቄ ማን ባልንጀራ ሆነለት? የሚል ነበር። ባልንጀራ የሚገኝ ብቻ አይደለም፥ የሚሆንም ነው።

የመቶ አለቃው ቆርኔሌዎስ ለአይሁድ ሕዝብ ብዙ ምጽዋት ይሰጥ ነበር፤ ምጽዋቱም በእግዚአብሔር ፊት ታሰበ (ሐዋ. 10)። ነገር ግን ጴጥሮስ በዚያ ቤት ገብቶ በነገረው ቃል እንደ ምናውቀው፥ አይሁዳዊ ከእርሱ ጋር መተባበር አልተፈቀደለትም ነበር። ገንዘቡ ይገባ ነበር፥ እርሱ ግን በውጭ ነበረ። እግዚአብሔርም በዚህ አልረካም። ምጽዋቱን ከተቀበለ በኋላ ሰውን ላከለት፤ በቤቱም ጥቂት ቀን እንዲቀመጥ አደረገ። የምጽዋት ፍጻሜ ወንድማማችነት ነውና።

እንደዚሁም ቅዱስ ጳውሎስ በመቄዶንያና በአካይያ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በኢየሩሳሌም ላሉት ድኾች ገንዘብ ሰበሰበ። ሰጪዎቹ የግሪክ ወገኖች፥ ተቀባዮቹ አይሁድ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ተያይተው አያውቁም። ሐዋርያው ግን አዲስ ቦይ ቈፈረላቸው። ከኢየሩሳሌም የመንፈስን ነገር ስለ ተቀበላችሁ ባለ ዕዳዎች ናችሁ ብሎ አስተማራቸው፤ ገንዘቡንም በታመኑ ሰዎች እጅ ላከ። በክርስቶስ የማይተዋወቁት ተዋወቁ።

በአገራችንም ምስክር አለን። በ1937 ሚሲዮናውያን ከወላይታ በወጡ ጊዜ በዚያ የተጠመቁት ምእመናን 48 ብቻ ነበሩ። በስደቱ ዘመን ከእነርሱ ብዙዎች ታሰሩ፥ ተገረፉም። በዚያን ዘመን የእስረኛ ስንቅ ከዘመዶቹ የሚመጣ ነበር፤ ምእመናኑ ግን የሥጋ ዘመዳቸው ላልሆኑት ወንድሞች ምግብ እየተሸከሙ ይሄዱላቸው ነበር። ያላመኑትም ይህን ፍቅር አይተው ተደነቁ። ከስደቱ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ ምእመናንን አገኙ። እነዚያ ወንድሞች ባለጠጎች አልነበሩም። ነገር ግን የዝምድናን ድንበር አንድ እርምጃ ወደ ፊት ስለ ገፉት ባለጠጋ ያላደረገውን አደረጉ።

5ኛ፤ ለሚጠይቁ መልስ

አንዳንዱ፥ የማላውቀው ሰው ቢያታልለኝስ? ይላል። መልካም ጥያቄ ነው፤ መልሱም ሂድና እወቀው ነው። አለማወቅህ ለመከልከል ምክንያት አይሆንህም፤ ለመጐብኘት ምክንያት ይሁንህ እንጂ።

ሌላው፥ ልቤን ብመረምር ክብር መፈለግ አገኘሁበት፤ እንግዲህ ልቤ እስኪነጻ መስጠትን ልተው? ይላል። አትተው። በትዕቢት የተጋገረ እንጀራ ቢሆንም የተራበውን ያጠግባል፤ የሚጐዳው ሰጪው እንጂ በላተኛው አይደለም። እጅህን ዘርግተህ ሳለህ ልብህን አንጻ። በብሪስቶል ከተማ በ1836 የሙት ልጆች ቤት የከፈተ ጆርጅ ሙለር በየዓመቱ የገንዘቡን ሒሳብ ሲያሳትም የሰጪዎችን ስም አይገልጥም ነበር። እንዲሁም ሆኖ በ1898 እስኪሞት ድረስ ከ10,000 የሚበልጡ ሙት ልጆች በዚያ አደጉ። ስሙ ሳይነሣ የሚሰጥ ሰው በዓለም ላይ እንዳልጠፋ ይህ ያስረዳል።

ሦስተኛው ደግሞ፥ ባለጠጋን ስለ ምን ብቻውን ትወቅሳላችሁ? ይላል። እውነት ነው፥ ባለጠጋም ባልንጀራ ያስፈልገዋል። ዘኬዎስ ገንዘብ ነበረው፥ ባልንጀራ ግን አልነበረውም፤ ሰው ሁሉ ይጠላው ነበርና። ጌታ ገንዘብ አልለመነውም። በስሙ ጠራው፥ በቤቱም አደረ። ከዚያ በኋላ ዘኬዎስ ማንም ሳይጠይቀው የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች ሰጠ፥ የቀማውንም አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ። ብዙ ባለጠጎች የሚያመሰግናቸው እንጂ የሚወዳቸው የላቸውም፤ የሚለምናቸው እንጂ እውነት የሚነግራቸው የላቸውም። ኪሱን ሳይሆን ነፍሱን ፈልገን ወደ ባለጠጋ ብንሄድ፥ ኪሱ በራሱ ፈቃድ ይከፈታል።

6ኛ፤ እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፤ እግዚአብሔር ሀብት ሰጥቶህ እንደ ሆነ እነዚህን ጥቂት ነገሮች በልብህ አኑር።

አስቀድመህ ዕዳህን ክፈል። የሠራተኛህ ደመወዝ በቤትህ አይደር። ጽድቅ ይቀድማል፥ ምጽዋት ይከተላል።

ሁለተኛ፥ የምትሰጣቸውን ሰዎች በልብህ ቍጠራቸው። ሁሉ ዘመዶችህና ወዳጆችህ ከሆኑ፥ ብድራት ሊመልስልህ የማይችል አንድ ሰው ጨምርባቸው። መቶ ሰው ጨምር አልልህም። አንድ ጨምር፤ ስሙን፥ ልጆቹን፥ ሕመሙን እወቅ።

ሦስተኛ፥ በእግርህ ሂድ። በአገልጋይ እጅ የምትልከው እህል ሆድን ይሞላል፤ አንተ ራስህ በጎጆው ስትቀመጥ ግን ሁለታችሁም ትጠግባላችሁ። መሄድ ካልቻልህ ድኾችን በቤታቸው የሚያውቅ የታመነ ሰው ፈልግ።

አራተኛ፥ ከድኻው ተቀበል። ጌታችን የሳምራዊቱን ሴት ውኃ ለመናት፤ ነቢዩ ኤልያስም በሰራፕታ ከነበረችው መበለት እንጎቻ ተቀበለ። የድኻውን ቡና ጠጣ፥ ምርቃቱንም እንደ ታላቅ ስጦታ ተቀበል። ሰጪ ብቻ የሚሆን ሰው ጌታ ይሆናል፤ መቀበልን የሚያውቅ ግን ወንድም ይሆናል።

ድኻ ሆነህ ይህን የምታነብ ወንድሜ ሆይ፥ አንተም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለህም። ከአንተ የሚብስ መንገድ የሌለው ሰው በአጠገብህ አለ። በመቅደስ ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለት ማንም ያላያት መስሎአት ነበር፤ ጌታ ግን ያይ ነበር።

ጌታችን በክብሩ በሚመጣበት ቀን ምን ያህል ሰጠህ? ብሎ ብቻ አይጠይቅም። የተራበውን አብልተህ እንደ ሆነ፥ እንግዳውን በቤትህ አሳድረህ እንደ ሆነ፥ የታሰረውን ሄደህ ጠይቀህ እንደ ሆነ ይመረምርሃል። እነዚህም ሁሉ ከሩቅ የማይሠሩ ሥራዎች ናቸው። ዛሬ በደጅህ የተቀመጠው ሰው ስሙ ማን ነው? ሳታውቅ ከቀረህ ዛሬውኑ ሄደህ ጠይቀው።

የሰማይ አባታችን ዓይናችንን ይክፈትልን፥ ማዕዳችንንም ያስፋልን። አሜን።